ኬላ ላይ የሚነበብ ስም

ባለፈው ሳምንት አብራን መሥራት የጀመረችው ልጅ ወንበሯን አስጠግታ፣ "እትዬ፣ የዚህን አፕ ስም ብንቀይረው? 'የጸሎት አደራ' የሚባል የሰው መፈለጊያ የት አለ?" አለችኝ። እትዬ መባሉን ገና አልለመድኩትም። ሐርጌሳ ላይ ጂላል የሚሉት የደረቅ ወቅት አቧራ መስኮቱን አልብሶት ነበር። ያን ጊዜም አቧራው እንዲሁ ነበር።

በሰሜን አገራችን ጦርነት በነበረበት ወቅት እኔና ብርክቲ ጅግጅጋ ያር በሚባል የሐርጌሳ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ከወሎ ኮምፒውተር ተምሬ የመጣሁ፣ እሷ ከትግራይ መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ። የእናቷ ስልክ ከተዘጋ ወራት አልፈዋል። ድሮ ዋሄን ገበያ ውስጥ አማርኛ ስንሰማ ዞር እንል ነበር፤ በዚያ ወቅት ግን አንገታችንን ደፍተን ማለፍ ጀመርን። ሰው ስምሽን ከጠየቀሽ ወገንሽን መጠየቁ ነው።

ጋሽ ታደለ ከበርበራ ወደብ ዱቄት እየጫነ አገር ቤት ተፈናቃዮች ወደሰፈሩበት አካባቢ የሚመላለስ ሾፌር ነበር። እዚያ ያገኛቸውን ሰዎችና የሚፈልጉትን ዘመድ በስልኩ መዝግቦ እንዲያመጣልን ትንሽ አፕ ሠራሁ። ግን በዚያ ፍርሃት ማን እውነተኛ ስሙን ይሰጣል? የክርስትና ስም ይሁን ያለችው ብርክቲ ናት። ቤተሰብና ነፍስ አባት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ትግሬም ሆነ አማራ ያው ነው። የሙስሊሞቹን ስም ጋሽ ታደለ በቃሉ ይዞ ይመጣል።

የቀረው የአፑ ስም ነበር። እንጀራ መሳዩን ላሆህ በማር እየበላን እኔ፣ "ፍለጋ" አልኩ።

ጋሽ ታደለ ሳቀ። "ኬላ ላይ ስልኬን ከፍቶ 'ማንን ነው የምትፈልገው?' ቢለኝ ምን ልበለው፣ ልጄ? ሚስት?"

"አገናኝስ?"

"እሱማ 'የማን አገናኝ ነህ?' አስብሎ እዚያው ያስቀረኛል።" ከዚያ ሳቁን ተወ። "ደግሞ ገብረ፣ ገብረ የሚል ስም ሲደረደር ያየ ወታደር የትግራይ ታጣቂዎች ዝርዝር አይመስለውም? የልጆች አባት ነኝ እኮ።"

እጄ ላይ ያለው ላሆህ ቀዘቀዘ። በአንድ ቃል ሰው ላስገድል እንደምችል ያኔ ገባኝ።

ብርክቲ ቀስ ብላ፣ "እናቴ ገዳም ስትሄድ ጎረቤቱ ሁሉ የክርስትና ስሙን ይሰጣት ነበር፤ 'አደራ፣ አስጸልይልኝ' እያለ" አለች። ጋሽ ታደለ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "በቃ፣ የጸሎት አደራ" አለ።

በማግስቱ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወጣ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። መኪና ደጃችን በቆመ ቁጥር ሮጬ እወጣ ነበር። ብርክቲ ምግብ አስጠላት፤ እርስ በርሳችን መተያየት ፈራን። ስሙ ባይበቃስ?

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት አቧራ ለብሶ በራችን ላይ ቆመ። ስልኩን ለብርክቲ ሰጣት። "ወለተ ኪዳን፤ ልጇ ወለተ ሰንበት" ይላል። ወለተ ሰንበት ብርክቲ ናት። መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

"ስመለስ አንዱ ወታደር ከፈተው" አለኝ ጋሽ ታደለ፣ ሻዩን ይዞ። "'ይሄ ሁሉ ገብረ ምንድን ነው?' አለኝ። 'የላዩን አንብበው' አልኩት። አነበበ። በኋላ ቆቡን አወለቀና፣ 'ወልደ ጊዮርጊስ ብለህ የኔንም ጻፍ፤ አደራ፣ ገዳም ስትደርስ' አለኝ። ምን ላድርግ? ጻፍኩት።"

ጦርነቱ ቆመ። ብርክቲ እናቷ ዘንድ ሄደች።

ልጅቷ አሁንም መልሴን ትጠብቃለች። "አንድ ደግሞ ፈላጊ የሌለው ስም አለ፣ ወልደ ጊዮርጊስ የሚል" አለችኝ። "ይጥፋ?"

"እንዳትነኪው" አልኳት። "ስሙንም አንቀይረውም።"

እኛ ያን ስም የመረጥነው ለመደበቂያ ነበር። ወታደሩ ግን አመነው። ወልደ ጊዮርጊስ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ማታ ማታ ስጸልይ ግን ከእናቴ ስም ቀጥሎ እጠራዋለሁ።