ለተሥላሴ እግር ሳታጥብ አታበላም

በ1999 ዓ.ም. በደሃና ገደል አፋፍ ላይ ለእግረኛ ቱሪስቶች አንድ ማደሪያ ተሠራ። አልጋዎቹ ሁሉ የተደረደሩት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ቤቱን የምትጠብቀው ለተሥላሴ ባሏ ከሞተ ወዲህ የማንንም ቁጣ ፈርታ አታውቅም፤ እንግዳም እግሩን ሳይታጠብ ከእጇ እህል አይቀምስም።

አንድ ምሽት የመጡት ፈረንጆች ሁሉ እግራቸውን ሰጡ። አንዲት ልጅ ብቻ ጫማዬን አላወልቅም ብላ ጥግ ያዘች። ሽሮው ቀዘቀዘ፤ ጓደኞቿም አጉረመረሙ።

«ይተዉአት እማማ፣ ደክሟት ነው» አለ አስጎብኚው ዓለምነህ።

«ከደከማትማ ውሃው ለእሷ ነው። አንተ ዝም በል።»

ለተሥላሴ ገበቴውን ይዛ ጀርባዋን ለሌሎቹ ሰጠችና ከልጅቱ እግር ሥር ተንበረከከች። ጫማው ሲወልቅ ካልሲው ከቁስል ጋር ተጣብቋል፤ ቁርጭምጭሚቷም አብጦ ቅል አክሏል። ነገ ደግሞ የሚጠብቃቸው ቁልቁለት ፍየል የሚያንሸራትት ነው። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ በዓይኗ ለመነቻት። ቁስሉ ከታወቀባት ከጓደኞቿ ነጥለው ወደ ሰቆጣ እንደሚመልሷት ለተሥላሴ ሳይነገራት ገባት።

ደም ያቀላውን ውሃ በነጠላዋ ከልላ ወጥታ ደፋችው። ስትመለስ «በሉ ቅረቡ፣ ይበላል» አለች።

በማግስቱ ጠዋት የለተሥላሴ በቅሎ ኮርቻ ተጭኖባት በር ላይ ቆማለች።

«ገበያ ልወርድ ነው» አለችው ዓለምነህን። «ይቺ በቅሎ አመለኛ ናት፤ ባዶዋን ቁልቁለት አትወርድም። ያቺን ቀጭኗን ልጅ ጀርባዋ ላይ አውጣልኝ።»

ዓለምነህ ዕለቱ የገበያ ቀን እንዳልሆነ ያውቃል። የለተሥላሴን ፊት አየና ሄዶ ለልጅቱ እርካቡን ያዘላት።