የእህቴ ሳንቲም

ብቸና ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። መዳብ አየርና እርጥበት ሲያገኘው ቀለሙን እንደሚለውጥ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍሁ አላስታውስም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ያጠፋሁት ጥፋት ካለማወቅ የመጣ እንዳይመስል ብዬ ነው።

አባታችን ሲያርፉ ዘጠኝ የመዳብ ሳንቲሞች ትተው ነበር። የንጉሡ ዘመን ባለ አንበሳ ሳንቲሞች ናቸው። ደርግ ገንዘብ ሲለውጥ ባንክ ሳይወስዷቸው ቀርተው፣ በጨርቅ ቋጥረው ከዳዊታቸው ጋር ማኅደሩ ውስጥ ያኖሯቸው ነበር። ስምንቱ እንደማንኛውም አሮጌ ሳንቲም ጠቋቁረዋል። ዘጠነኛዋ ለብቻዋ ነበረች። ጠርዟ ሰማያዊ፣ መሐሏ ወይን ጠጅ፣ አንበሳው እግር ሥር ደግሞ አረንጓዴ ጠብታ ነበረባት። እሷ የእህቴ ናት።

እህቴ በሁለት ዓመቷ በጠና ታመመች፤ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናታችን እንደ አገሩ ልማድ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥራ አንገቷ ላይ አሰረችላት። ብረት ነገር ይግባበት ስለተባለ አንዲት ሳንቲም ጨመረችበት። ቋጠሮው ከአንገቷ ሳይወርድ ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ። ልጅቷ ዳነች፤ ሳንቲሟም ያንን ቀለም ይዛ ቀረች።

በዓመቱ እናታችን በወሊድ ሞተች። እህቴን አክስታችን፣ የአባታችን እህት፣ ሞጣ ወስዳ አሳደገቻት፤ እኔ ብቸና ከአባቴ ጋር ቀረሁ። አክስታችን ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን የእናታችንን ስም ማንሳት አትወድም፣ እህቴ በግራ እጇ ስትበላና ስትጽፍ ባየች ቁጥር ደግሞ እጇን በአርጩሜ ትላት ነበር። ማስተው አልሆነላትም። አባታችንም ስለ እናታችን አያወሩም። እህቴ ብቸና ስትመጣ ሳንቲሟን ብቻ አውጥተው ያሳዩዋትና «እናትሽ ያሰረችልሽ ናት፤ ስሞት ትወስጃታለሽ» ይሏታል። እህቴ እናታችንን አታስታውስም። ፎቶግራፍም የለንም።

የአባታችን ተዝካር ሲደርስ ሳንቲሞቹን ላስረክባት ፈለግሁ፤ እንደዚያ ቆሽሸው መስጠት ግን አሳፈረኝ። በልጅነቴ ዲያቆን ነበርሁ። ለንግሥ ጸናጽሉንና መስቀሉን የምናሳምረው በሎሚና በአመድ ሲሆን በዚያ ሥራ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ቄሰ ገበዙ ሳይቀሩ አመስግነውኛል። እናም ሎሚ ለሁለት ሰንጥቄ፣ የተነፋ አመድ እያስነካሁ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ዘጠኙንም ፈተግኋቸው። የእህቴ ሳንቲም አስቸገረችኝ፤ ሁለት ሎሚ ጨረስሁባት። የእሷ መሆኗን አውቃለሁ። ቀለሙ ግን ከቆሻሻ ሌላ ነገር ነው ብዬ አላሰብሁም። እጄ ላይ እየቀላች ስትመጣ ደስ አለኝ። ከዚያ አለቅልቄ ሁሉንም አንድ ሳህን ላይ አሰጣኋቸው።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ሳህኑን አቀረብሁላት። በግራ እጇ አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው፤ ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«የኔዋስ?» አለች።

«እዚያው ውስጥ ናት። ሁሉንም አጽድቻቸው ነው።»

«የትኛዋ ናት?»

አላወቅሁም። ዘጠኙም አንድ ዓይነት ነበሩ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በማግሥቱ መናኸሪያ ድረስ ስሸኛት መንገዱን ሙሉ የምታወራው ስለ ጤፍ ዋጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኩን የምታነሣው ልጇ ሆነች።

መጀመሪያ የተናደድሁት በእሷ ነው። ሳንቲሟ አልጠፋችባት፣ ምን ሁን ነው የምትለኝ አልሁ። ሳምንት ሳይሞላ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ድኝ አለ፣ ድኝ ደግሞ የመዳብን ቀለም ይለውጣል፤ ይህንንም አስተምሬዋለሁ። ስለዚህ ያጠፋሁትን ቀለም ልመልስ ተነሣሁ። ዘጠኙንም በየጨርቃቸው ከነጭ ሽንኩርትና ከጤና አዳም ጋር ቋጠርሁና፣ የሕፃን ላብ ባይሆንም የሰው ላብ ነው ብዬ፣ ሁሉንም በአንድ ክር የራሴው አንገት ላይ አሰርኋቸው። ሚስቴ መኝታ ለየች። ቤተ ክርስቲያን ስቆም ሰው ራቅ ራቅ ይለኝ ጀመር። አብዛኞቹ ዝም ብለው ጠቆሩ፣ ሁለቱ የሽሮ መልክ ያዙ። አንዷ ግን በፋሲካ ሰሞን ጠርዟ ሰማያዊ፣ መሐሏ ወይን ጠጅ ሆነች። አረንጓዴዋን ጠብታ በጨውና በአቼቶ እኔው ጨመርሁላት።

ጉንደ ወይን ላይ መኪና ቀይሬ ሞጣ እስክገባ የምለውን ስለማመድ ነበር። «አገኘኋት፤ ለካ በደንብ አልጸዳችም ኖሯል» ልላት ነው። እህቴ በረንዳዋ ላይ አስቀመጠችኝ። ጠላ ሳትቀዳልኝ በፊት ሳንቲሟን መዳፏ ላይ አኖርሁላት። አገላብጣ አየቻት፤ ፊቷ በራ። እንዲያ ስትሆን ካየኋት ዘመን ሆኖኛል። መጀመሪያ የእናቷን ምልክት በሎሚ ፍቄባት፣ አሁን ደግሞ በእጄ የሠራሁትን የእናትሽ ነው ልላት ነው። አፈርሁ።

«እሷ አይደለችም» አልኋት። «የትኛዋ እንደሆነች እኔም አላውቅም። ይችን ያቀለምኋት እኔ ነኝ።»

ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻት። «ነጭ ሽንኩርት ትሸታለች።»

«አራት ወር አንገቴ ላይ ነበረች።»

ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ዕንባዋ መጣ። «ሳንቲም አጥቼ አይደለም እኮ፣ ወንድምዓለም» አለች። «የእናቴ እጅ እኔን መንካቱን የሚያሳይ ሌላ ነገር ስለሌለኝ ነው። አንተማ ታውቃታለህ።»

እውነቷን ነው። ያን ዕለት አጠገባቸው ነበርሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ግን አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኋት። ያን ጊዜ ነገርኋት። እናታችን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ አንቺን ጭኗ ላይ አስተኝታ። ትኩሳትሽ አይሎ ትወራጪ ነበርና ክሩ ሁለት ጊዜ አመለጣት። በሦስተኛው በቀኝ እጇ ራስሽን ደግፋ፣ የክሩን አንዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፣ በግራዋ ቋጠረችው።

«ለምን በግራዋ?» አለች።

«ግራኝ ነበረች እኮ» አልኋት። የምታውቅ መስሎኝ ነበር።

እህቴ ሳንቲሟን መደቡ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ አክስታችን ስትገርፈው የኖረችውን እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታየው ጀመር።