ቅጠል ጋጋሪዋ

ሰፈሩ «ቅጠል ጋጋሪዋ» ይላታል። ስሙ የወጣላት የምትሠራበት የደን ቢሮ ማድረቂያ ተበላሽቶ ቅጠል በእናቷ የዳቦ ምድጃ ማድረቅ የጀመረች ጊዜ ነው። «የሰው ልጅ ዳቦ ይጋግራል፣ የኔዋ ቅጠል!» ይላሉ እናትየው፤ ምድጃውን ግን ከልክለዋት አያውቁም።

ሥራዋ ሳተላይት ካነሳው ምስል የደኑ ቅጠል ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ማወቅ ነው። ሳተላይቱ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ስለሚያይ፣ ለምለም መስሎ ውስጡ የደረቀውን ይለያል። እሷ ግን በጭፍን አታምነውም። ቅጠል አስመጥታ ትመዝናለች፣ አድርቃ እንደገና ትመዝናለች፤ የጎደለው ውሃው ነው።

አንድ ሰሞን የምሥራቁ ተዳፋት ምስሉ ላይ ቀላ፤ ደርቋል ማለት ነው፤ እሷም የእሳት ማስጠንቀቂያ አወጣች። እዚያ ደግሞ የታላቅ ወንድሟ ቀፎዎች ተሰቅለዋል፤ ማር ሊቆርጥ ጭሱን አሰናድቷል። አንድ ፍንጣሪ ካመለጠች ደኑም፣ ቀፎውም፣ እሱም አለቀላቸው። ሮጣ ወንድሟ ዘንድ ሄደች።

«ወንድምዓለም፣ ዝናብ እስኪጥል ቆይ።»

«ምን ነካሽ? ደኑ ለምለም አይደለም እንዴ? ቅጠሉን ራሴ አመጣልሻለሁ፣ ጋግሪው!»

በማግስቱ በላስቲክ አጭቆ አመጣላት። መዝና አደረቀችው፤ ክብደቱ ክፉኛ ወረደ። ውሃ የጠገበ ቅጠል! ወንድሟ እስኪበቃው ሳቀ። አለቃዋም «ሳተላይትሽ ቃዥቷል» ብሎ ማስጠንቀቂያውን ሊሰርዘው ተነሳ። አፈረች።

ባዶውን ላስቲክ ልትጥል ስታነሳው ውሃ እጇ ላይ ተንጠባጠበ።

«መቼ ነው የቆረጥከው?»

«ጎህ ሲቀድ ነዋ! ላንቺ ብዬ እንቅልፌን አጥቼ!»

ለካ የመዘነችው ጤዛውን ነው። መጥረግ ሲገባት፣ እሱ አምጥቶት የለ ብላ በችኮላ ሚዛን ላይ ጣለችው። አለቃዋን እስከ ነገ ታገሡኝ ብላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ወንድሟን አስከትላ ተዳፋቱን ወጣች። እሱ ቆረጠ፣ እሱው መዘነ፣ ከእናታቸው ምድጃ አውጥቶም እሱው መዘነ። ክብደቱ የጎደለው የፊተኛውን ያህል አልነበረም፤ ቅጠሉ ውሃ አጥሮታል።

«ታዲያ ያ ሁሉ ልምላሜ?»

«ላይ ላዩን ነው።»

 ወንድሟ ጭሱን የሚለኩስበትን ክብሪት ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። «ማሩ የትም አይሄድ።»

ዝናቡ ዘገየ፤ እሱም አጉረመረመ እንጂ አልሄደም። በመጨረሻ ሰማዩ ተቀደደ፣ ቀናት ዘነበ። ደመናው ገለጥ ባለ ጠዋት አዲሱ ምስል ሲደርሳት ተዳፋቱ ላይ ያ ቅላት የለም። ዞር ስትል ወንድሟ በር ላይ ቆሟል፤ ከጫካው መምጣቱ ነው፣ ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል።

«እንዲህ በስብሰህ ምን ልትጠይቀኝ መጣህ?» ብላ ሳቀች።

«ዝናቡንማ አየሁት። አንቺ ሂድ ካላልሽኝ ግን አልሄድም።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። መሳቢያዋን ከፍታ ክብሪቱን ሰጠችው።