ጋሼ የሚነሱበት ወንበር

አዋሽ የሚኖሩት አጎቴ አንድ የሚወዱት ወንበር ነበራቸው። በወጣትነታቸው አብረውት የሠሩት ዴንማርካዊ መሐንዲስ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው የሄደው ነው። ባለ ክንድ መደገፊያ የእንጨት ወንበር ሆኖ መቀመጫው በገመድ የተጎነጎነ ነበር። ገመዱ ሲበጣጠስ ጎረቤታቸው ፋጡማ ሰሌን በምትሠራበት የዘንባባ ቅጠል መልሳ ጎነጎነችው።

ሙቀቱ በረድ ሲል ጋሼ ደጅ አውጥተው ይቀመጡበታል። መቀመጥ ከተባለ ነው እንጂ፣ ሽማግሌ መጣ ሕፃን፣ “ኖር!” ብለው ብድግ ነው። እኔም ከሰመራ ስመጣ ቦርሳዬን ሳላወርድ ይነሳሉ።

“ኧረ በእግዜር! ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ሰው ምን ይለኛል?”

“ስጎለት የዋልኩት እኔ፣ መንገድ ያደከመሽ አንቺ! ነይ አረፍ በይ።”

በኋላ ጉልበታቸው እምቢ ሲልም አልተዉም። በሁለት እጃቸው መደገፊያውን ተጭነው፣ እያቃሰቱ ይነሳሉ። እናደድባቸው ነበር።

ከአርባቸው በኋላ ወንበሩን በአይሱዙ አስጭኜ ሰመራ፣ ብቻዬን ወደምኖርበት የኪራይ ቤት አመጣሁት። የመደገፊያው ጫፍ፣ እጃቸው ያርፍበት የነበረው ቦታ፣ ተልጎ እንደ መስታወት ያበራል። ለመነሳት ሲጫኑት ነው እንደዚያ የሆነው። ፊቱን ወደ በሩ አዙሬ አስቀመጥኩት፤ እስካሁን አልተቀመጥኩበትም።

ከቢሮ ስመለስ ቁልፉን አዙሬ በሩን እገፋለሁ። የሚነሳልኝ የለም። አፌ ግን ልማዱን አልተወም።

“በእግዜር፤ ይቀመጡ ጋሼ” እላለሁ።