በክሎዜቴ ውስጥ የተቀዳው

የክርስትና ልጄ ፖድካስቷን የምትቀዳው ስቶን ማውንቴን ከተማ፣ በእኔ አፓርታማ የልብስ ማስቀመጫ ክሎዜት ውስጥ ነበር። የተሰቀለው ልብስ ድምፅ ይውጣል ብላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማይኳን ይዛ ስትመጣ ፍሪጁን ከሶኬት እነቅላለሁ፣ ልጄን ቴሌቪዥን እንዳይከፍት እቆጣለሁ፣ እኔም በካልሲ ብቻ እሄዳለሁ። ሕግ ተምራለች፤ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ኢሚግሬሽን፣ አከራይ ሲያስወጣ ምን እንደሚደረግ በአማርኛ ታወራለች። ያንኑ ጽፋ ለአድማጮቿ በኢሜይልም ትልካለች። ከጀርባዋ ማንም የለም፤ በራሷ ነው።

የኔ ድርሻ ከመላኩ በፊት ማንበብ ነበር። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፊደል እየለቀምኩ አነብና የማይገባኝ ቦታ ስደርስ እቆማለሁ። «አንቺ ከገባሽ ሁሉም ይገባዋል» ትለኛለች። ቤተ ክርስቲያን ያሉትን ሴቶች «የክርስትና ልጄን ስሙልኝ» እያልኩ የወተወትኩትም እኔ ነኝ።

ልጄን ፖሊስ ያስቆመው በጓደኛው መኪና ሲሄድ ነው። መኪናው ውስጥ ዕፅ ተገኘና እሱም አብሮ ተከሰሰ። የያዝንለት ጠበቃ፣ ልጁ ዜጋ ስላልሆነ ከተፈረደበት ወደ አገር ቤት ሊመልሱት ይችላሉ አለን። ለማንም እንዳታወሩ ብሎም አስጠነቀቀን። ልጄ ወደዚህ አገር የመጣው ገና ድክ ድክ ሲል ነው፤ እዚያ ማን አለው? ከዚያ ወዲያ በር ሲንኳኳ በቀዳዳው ሳላይ አልከፍትም ነበር።

ዝም ማለት አቃተኝ። ለማንም አታውሩ ማለት ለባዳ ነው ብዬ ለክርስትና ልጄ ነገርኳት። ስትጠመቅ ታቅፌ የቆምኩላት ልጅ እንዴት ባዳ ትሆናለች? አብራኝ አለቀሰች። ቆይታ ደግሞ፣ «እማዬ፣ ይሄን ለሌሎች እናቶች ንገሪያቸው፤ ይማሩበታል። ስም አይጠራም፣ ድምፅሽን በማሽን የወንድ አደርገዋለሁ» አለችኝ። ክሎዜቱ ገብቼ ቀሚሶቼ መሃል ቁጭ ብዬ ተናገርኩ።

ስወጣ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት። እኔ ሳልምል ማውራት አልችልም። «ያሳደገኝ አጎቴ ይሙት!» ሳልል ወሬዬ አያልቅም። ሴቶቹም «ዛሬስ አጎትሽን ስንቴ ቀበርሻቸው?» እያሉ ይስቁብኛል።

«መሐላዬን ቆርጠሽ አውጪልኝ፣ በሷ ያውቁኛል» አልኳት።

«ኤዲት አደርገዋለሁ፣ አታስቢ።»

ፖድካስቱ ከተለቀቀ በኋላ ዶራቪል ያለው ግሮሰሪ ሽንኩርት ስመርጥ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን አንዷ ከኋላ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«አይዞሽ እህቴ። ልጁ እንዴት ሆነ ታዲያ?»

«የምን ልጅ?»

«ወግጂ! ድምፁ የወንድ፣ አጎቱ ያንቺ!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከራሷ ጋሪ ሎሚ አንስታ በኔ ጋሪ ላይ አደረገችልኝ፣ ልክ እንደ ለቅሶ ደራሽ።

ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ስልኬን ከፈትኩ። የማላውቀው ወንድ በጎርናና ድምፅ የኔን ወሬ ያወራል። አጎቴ ገና ከመጀመሪያው ሞተ።

ደወልኩላት።

«ቆርጬው ነበር እኮ» አለችኝ። «ግን፣ አለ አይደል፣ ታሪኩ ሞተብኝ። መሐላው ሲወጣ ሰው አያምነውም። እማዬ፣ ስንት እናት እንደደወለልኝ ብታውቂ!»

«ካወጣሽው በኋላ መለስሽው?»

ስልኩን ዘጋሁባት።

ረስታው ቢሆን ይቅር እላት ነበር። ሰው ይረሳል። እሷ ግን ሰምታ፣ አውጥታ፣ ሳትነግረኝ መልሳ አስገባችው። የኔን ልጅ አልጠላችውም፤ እሱን እንኳ ጠልታው ቢሆን ይገባኝ ነበር። ታሪኩ እንዲያምርላት ብላ ነው።

ልጄም ከጓደኞቹ ሰማ። እሷን ሳይሆን እኔን ነው የተቆጣው። «ማን ነገራት? አንቺ አይደለሽም?» አለኝ። ለሌሎች እናቶች ብዬ ነው አልኩት። «እኔስ?» አለና በሩን ዘጋው።

የፍርድ ቤቱ ቀን በየመኪናችን ሄድን። ጠበቃው ኮሪደሩ ላይ፣ እናቱ ዳኛው ፊት ስለ ልጇ ብትናገር ይጠቅማል፣ አስተርጓሚም ይኖራል አለ። ልጄ ካቀረቀረበት ቀና ሳይል፣ «እሷ አትናገርም» አለው።

ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። የክርስትና ልጄ መልእክት ነው። ልጄ በአማርኛ የተጻፈ ማንበብ አይችልም፤ «ምን ትላለች?» አለኝ። መደበቅ አልፈለግሁም። ፊደል እየለቀምኩ አነበብኩለት፦ «አድማጮች የልጁ ነገር ምን ደረሰ እያሉ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?»

ልጄ ስልኩን ከእጄ ወስዶ አጠፋውና ኪሱ ከተተው። ስሙ ተጠራ።

ተከትዬው ገብቼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አስተርጓሚዋ፣ ፀጉሯን ያሰረች ሐበሻ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እናቱ እርስዎ ነዎት? የሚናገሩት አለ?» አለችኝ። ስንት ነገር ነበረኝ። እንደማይዋሽ፣ ከሥራ ስመጣ ጫማዬን እንደሚያወልቅልኝ፣ ሌላ አገር እንደማያውቅ። ልጄ ዞሮ አየኝ።

«የለኝም» አልኳት።