ወይዘሮ ፈተና

ልብስ ሰፊዋን በዚያ ሆስፒታል ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ለተማሪውም ለነርሷም «ወይዘሮ ፈተና» ናት። ቢሏትስ ምን ይገርማል? የሕክምና ተማሪዎች የመጨረሻ ፈተናቸውን በሚወስዱበት ቀን ሦስተኛው አልጋ ላይ ተጋድማ ደረቷን የምታስደምጠው እሷ ናት፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ። በልጅነቷ እየተመላለሰ ያመማት የጉሮሮ ሕመም ከልቧ በሮች አንዱን አጥብቦባት ቀርቷል። ደሙ በጠባቡ በር ሲሹለከለክ የሚያሰማው ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ለማስተማሪያ የተሠራ ይመስላል። ፈታኙ ሐኪም «እንዳንቺ ያለ ልብ ከየት ይገኛል!» እያለ ያሞካሻታል። እሷም፣ እናንተዬ፣ ትኮራለች!

ሥራውን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ተማሪው እጁን ሳያሞቅ ደረቷ ላይ ካሳረፈ «ይሄስ ወዳቂ ነው» ትላለች በሆዷ። በግራ ጎኗ አዙሮ፣ ትንፋሿን አስወጥቶ፣ የማዳመጫውን ትንሿን አፍ ከግራ ጡቷ ሥር ቀስ አድርጎ ካስቀመጠ ደግሞ አላፊ ነው። ከአፏ ግን ቃል አይወጣም። ሕጉ ነው፤ ተማሪው በሽታውን የሚያገኘው በራሱ እጅና ጆሮ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ግን የዝምታዋ ነገር ሌላ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ቀሚስ ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ ልቧ በድንገት መንገዳገድ ጀመረ። ሁለት ይመታል፣ አንድ ይዘላል፣ ሦስቱን አከታትሎ ያጣድፋል፣ ደግሞ ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ባሏ «ምነው ፊትሽ ገረጣብኝ?» ሲላት «ጥቁር ጨርቅ ስሰፋ ውዬ ዓይኔ ደክሞ ነው» ብላ ሸወደችው። ዓይን ደከመ ተብሎ ፊት ይገረጣል እንዴ? እሱም የዋህ ነው፣ አመነ። ምክንያት ነበራት። ታላቅ እህቷን የያዛት ይኸው በሽታ ነው። የልብ ምቷ ሥርዓት አጣ ተባለ፣ ለቀዶ ጥገና ገባች፣ በእግሯ አልወጣችም። «ልቤ ሥርዓት አጣ ያልኩ ቀን እኔም አበቃልኝ» ብላ አፏን ለጎመች።

በየዓመቱ ፈታኙ ጠዋት ቀድሞ ያዳምጣትና የመልስ ወረቀቱን ይሞላ ነበር። ዘንድሮ ተቻኮለ። «የሷ ልብ መቼ ተለውጦ ያውቃል!» አለና የአምናውን መልስ እንዳለ ገለበጠው። ስህተት መሆኑን እሷ ታውቃለች፤ ግን ተስማማት፣ እፎይ አለች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተማሪዎች ጉርምርምታውን አገኙ፣ በሩ መጥበቡን ተናገሩ፣ «የልብ ምቷ የተስተካከለ ነው» ብለው ወጡ። እጇን የያዙት ለወጉ ያህል ነበር።

ሦስተኛዋ ድምፅዋ እንኳ በቅጡ የማይሰማ ቀጭን ልጅ ናት። መዳፎቿን አፋትጋ አሞቀቻቸው። «ይቅርታ እትዬ፣ እጅዎን ልያዘው» አለች። ያዘች። አለቀቀችም! አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ከዚያ የሴትዮዋን የእጅ አንጓ እንደያዘች ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ ፊቷን አጨፈገገች። የልብስ ሰፊዋ ላብ ከጆሮዋ ሥር ወደ ትራሱ ወረደ። «ተይኝ፣ አንቺ ልጅ፣ በናትሽ ተይኝ» ትላለች በውስጧ።

«ሰዓት አልቋል» አለ ፈታኙ። «ያገኘሽውን ንገሪኝ።»

«በግራ በኩል ያለው የልባቸው በር ጠቧል። የልብ ምታቸው ደግሞ ሥርዓት የለውም። ደረታቸው ላይ ከምሰማው ምት እጃቸው ላይ የማይደርስ አለ።»

ፈታኙ ወረቀቱን አየና ቅንድቡን ሰቀለ። «ሥርዓት የለውም? ይቺን ሴትዮ አሥራ አንድ ዓመት አውቃታለሁ። የልብ ምት የሳተ ተማሪ እንደሚወድቅ ታውቂያለሽ አይደል? አንዴ ዕድል ልስጥሽ፤ አስበሽ መልሺ።»

ልጅቷ «የተስተካከለ ነው» ብትል በቃ፣ ሐኪም ሆና ትወጣለች። «ሥርዓት የለውም» አለች። ፈታኙ ራሱን ነቀነቀና እስክሪብቶውን አነሳ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጣራው ላይ ተከለች። ዝም ብትል ከሰዓት በኋላ የስፌት ማሽኗ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ማንም ምንም አያውቅም። ይቺ ልጅ ግን እውነቱን ስለተናገረች ትወድቃለች። «ኧረ እኔስ ምን ዓይነት ሴት ነኝ!» ከትራሱ ቀና አለች።

«ዶክተር!» ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት። «እንዳይጥሏት! ልጅቷ ልክ ናት። ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ደብቄ ነው።»

ፈታኙ መጣና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ። «አንቺ እጇን ያዢ፣ እኔ ደረቷን። እኩል እንቁጠር» አላት ተማሪዋን። ያቺ አንዲት ደቂቃ አላልቅ አለች።

«መቶ አሥራ ስምንት» አለ ፈታኙ።

«ሰማንያ ስድስት» አለች ልጅቷ።

ሠላሳ ሁለት ምት መንገድ ላይ ቀርቷል። ፈታኙ የመልስ ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው። «ሳላዳምጥሽ ጻፍኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ግን ለምን ደበቅሽኝ?»

«እህቴን ቀዶ ጥገናው በላብኝ። እኔንም እንዳይበላኝ።»

«እህትሽ እዚህ ስትመጣ ምቷ ከተዛባ ስንት ጊዜ ሆኗት ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

«ሰባት ወር» አለች። «የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አትናገሪብኝ አለችኝ፣ ዝም አልኩላት።»

ይህን ተናግራ አታውቅም፤ ለባሏም፣ ለእናቷም። ልጅቷ አሁንም እጇን እንደያዘች ናት።

ፈታኙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልብ ምቱ ሲዛባ ደሙ እዚያው ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ያኔ ነው ጉዱ። ደሙን የሚያቀጥነውን መድኃኒት ዛሬውኑ እንጀምርልሻለን። ስለ ቀዶ ጥገና የተናገረ የለም። ቤትሽ ግን አትሄጂም።»

«ገና ስድስት ተማሪ ውጭ አለ እኮ፤ ፈተናውስ?»

«ሌላ ሰው ይፈልጉ። አንቺ ታማሚ ነሽ።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋ የባሏን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው አነሳው።

«ማን ልበል?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለችው። «አሞኛል። ቶሎ ናልኝ።»