ቀጭኑን ቱቦ የምትሸጠው እታፈራሁ

ሶዶ ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል፤ ገዢን ከደጃፉ የሚመልስ ግን እታፈራሁ ብቻ ናት። ሌላው ነጋዴ ገዢ ብቅ ሲል ጥርሱ እስከ ጆሮው ይከፈታል። እሷ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ ታወርድና ጥያቄዋን ትጀምራለች። መኪናው ምን ይጭናል? በየት በኩል ይሄዳል? መሪውን የሚይዘው ማነው? ይህን በቅጡ ያልመለሰ ሰው የአየር ዕቃ፣ የፍሬን አየር ቱቦና ቫልቭ የመሰለውን፣ ከእሷ ሱቅ ይዞ አይወጣም። ዘይትና አምፖል ከሆነ ለማንም ትሸጣለች፤ አየር ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። ሾፌሮቹ ልጇን ልትድርልን ነው እንዴ እያሉ ያሟታል። እያሟትም ይመላለሳሉ።

ከአሚዎቿ ግንባር ቀደሙ ሜካኒኩ ሶርሳ ነበር። ጋራዡ ከሱቋ ሁለት አጥር ዝቅ ብሎ ነው። ሶርሳ መኪና ከመንካቱ በፊት ዘጠኝ ዓመት የውሃ መስመር ሠርቷል። ያኔ በሶዶ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነበርና ወፍራም ቱቦ ያስገባ ቤት ጄሪካኑን ሁሉ ሞልቶ ሲጨርስ ቀጭን ያስገባው ገና ሲያንጠባጥብ ውሃው ይሄድበታል። ሶርሳ ከዚያ ሥራ አንድ እምነት ይዞ ወጣ፤ ቱቦ በወፈረ ቁጥር ይሻላል። እታፈራሁ ደግሞ ለአየር ቀጭኑን ካልሆነ አልሸጥም ትላለች። በዚህ ነገር ስንት ዓመት እንደተነታረኩ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። እሱ ጌታን የተቀበለ ሰው ስለሆነ አይሳደብም እንጂ፣ ስሟ በተነሳ ቁጥር ራሱን እየነቀነቀ “አይ ሴትዮዋ” ይላል። እንዴት እንደሚላት ግን እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ከስድብ አይተናነስም።

በሁለት ሺህ ሦስት መስከረም፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ጦና የሚባል የቢጠና የከብት ነጋዴ ያገለገለ የጭነት መኪና ገዝቶ ከተማ ገባ። ግድግዳው ላይ የግንቦቱ ምርጫ የንብ ምልክት ገና አልተላጠም፤ ከመናኸሪያው ጀርባ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ኮብልስቶን ያነጥፋሉ። የጦና መኪና እንደ ሌላው በብረት ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ አይደለም። ኋላው በአየር በተሞሉ ሁለት የጎማ ከረጢቶች ላይ ነው የቆመው፤ ወደ ከረጢቶቹ የሚገባውን አየር የሚመጥነው ቫልቭ ተበላሽቶ መኪናው ተንጋዷል። ጊፋታ ያለ በሬ አይታሰብም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ዓመቱን ሙሉ ሲዘጋጅ ከርሞ በሬ የሚቃረጥበት በዓል ነው። ጦና በዚያ ሳምንት በሬ ካላመላለሰ መቼ ሊያመላልስ ነው? ሾፌሩም የገዛ ልጁ እስራኤል ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ መንጃ ፈቃዱ ገና ያልደበዘዘ።

እታፈራሁ የተለመደውን ጠየቀችው። በሬ እጭናለሁ አላት። ወዲያው ሁለት ቫልቮች፣ ሌላ አንድ ሦስተኛ ቫልቭና ከእርሳስ ብዙ የማይወፍር ጥቁር ቱቦ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ጦና ሳቀ። መኪናውን የሸጠለት ሰው አንድ ትልቅ ቫልቭ መሃል ላይ፣ ወፍራም ቱቦ ለሁለቱም ከረጢት፣ በቃ፣ በደቂቃ ቀጥ ይላል ብሎታል። እሷ ያን እንደማትሸጥለት ነገረችው። ለምን ሲላት በሬ ሲሚንቶ አይደለም፣ ዝም ብሎ አይቆምም ብላ ልታስረዳው ጀመረች፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወጣ። ማዶ ካለው ሱቅ የፈለገውን ገዛና ለሶርሳ ሰጠው።

ሶርሳ ወፍራሙን ቱቦ ሲያይ ፊቱ በራ። ከጧት እስከ እኩለ ቀን ገጥሞ ጨረሰ። ሞተሩ ሲነሳ የተንጋደደው መኪና ደቂቃ ሳይሞላ ቀጥ አለ። ሶርሳ ይህን ያህል ደስ ያለው ትልቁ ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባለት ቀን ብቻ ነው። ሴትዮዋ መጥታ ባየች ብሎ በሆዱ ተመኘ።

መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ማንንም ሳታናግር መኪናው ሥር ገባች፤ ወጣችና አሁንም ሳትናገር ሄደች። ስትመለስ ኮብልስቶን የሚያነጥፉትን ወጣቶች ሠላሳ የሚሆኑትን አስከትላለች። መኪናው መጫኛ ላይ እንዲወጡ ነገረቻቸው። ምን ልንሆን ነው ያላት ወጣት ነበር፤ በሬ አለችው። ወጣቶቹ እየተሳሳቁ ወጡ። ጦና ጊዜዬን አታባክኑ ብሎ ተቆጣ፣ ግን ሰው መሰብሰብ ስለጀመረ ቆሞ ከማየት በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ሞተሩ እየሠራ ሁሉም ወደ ግራ እንዲሄዱ አዘዘቻቸው። ሄዱ። ከግራው ከረጢት ያለው አየር በወፍራሙ ቱቦ ወደ ቀኙ ሸሸና መኪናው ወደ ግራ ተዘቀዘቀ፤ ጫፍ ላይ የነበሩት ሳቃቸውን አቁመው ስፖንዳውን ጨበጡ። ቀጥሎ ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ አስኬደቻቸው። በተንቀሳቀሱ ቁጥር ትልቁ ቫልቭ አየር ይጎርሳል፣ መልሶ በኃይል ይተፋል። እስራኤል ጋቢና ውስጥ ሆኖ የፍሬኑን አየር የሚያሳየውን ጌጅ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ነገረችው። ስምንት አለ። ሰባት። ስድስት ተኩል። አምስት ሲል ድምፁ ቀነሰ፤ ሶርሳም ከዚያ በኋላ ያለውን መስማት አልፈለገም። ከረጢቶቹ የሚጠጡት አየር ከፍሬኑ ታንክ ነበር የሚወጣው። እንዲህ አድርጎ የገጠመው ደግሞ ራሱ ሶርሳ ነው።

ጦና ግን የቸኮለ ሰው ነው። ፈትቶ እንደገና መግጠም ሁለት ቀን ይፈጃል፣ የነገው ገበያ ያመልጠዋል። ለአንድ ጊዜ ብቻ እንደዚሁ ደርሶ ይምጣ፣ ልጁም ቀስ ብሎ ይነዳል አለ። ሶርሳ መሬት መሬቱን አየ። እታፈራሁ ወደ ጦና ቀረብ አለች።

“ባለቤቴን ዓምደሚካኤልን ያስታውሱታል?”

“ሁምቦ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጥሶበት የሞተው አይደል? ነፍስ ይማር።”

“ፍሬኑ አልበጠሰም፤ አየሩ አልቆ ነው። እንደዚህ ዓይነት ከረጢት ነበረው። ከፍሬኑ ታንክ የሚመጣ ወፍራም ቱቦ ስጪኝ አለኝ። ለክቼ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ምን ትጭናለህ እንኳ አላልኩትም።”

አሥራ አንድ ዓመት አጠገቧ የኖረው ሶርሳ ይህን ሰምቶ አያውቅም። አንድም ሰው አልሰማም። ሲያማት የኖረበት አፉ መረረው፤ የሚገባበት ጉድጓድ ቢያገኝ በወደደ። ጦና ወደ ጋቢናው ቀና ብሎ ልጁን አየ። እስራኤል ጌጁ ላይ እንዳፈጠጠ ነው።

“ሶርሳ፣ ፍታው” አለ።

የተከተሉት ሁለት ቀናት ሶርሳ ዕድሜውን ሙሉ የሚያወራላቸው ናቸው። እታፈራሁ ሱቋን ዘግታ መኪናው ሥር ገብታ አብራው ሠራች። ለግራውም ለቀኙም ከረጢት ለየራሱ ቫልቭ ሰጠችው፣ አንዱ የሌላውን አየር እንዳይነካ። ቫልቮቹ ዘገምተኞች ናቸው፤ በሬው ዞሮ እስኪረጋ አምስት ስድስት ሰከንድ ይታገሣሉ እንጂ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አየር አያባክኑም። ቱቦው የቀጠነውም ለዚሁ ነው። ከረጢት ቢፈነዳ እንኳ አየሩ በአንዴ አይሾልክም። ሦስተኛውን ቫልቭ ታንኩ አፍ ላይ አስገባች፤ የፍሬኑ አየር ከተወሰነው በታች ሲወርድ ለከረጢቶቹ በሩን ይዘጋል። ሶርሳ ቱቦውን በመጋዝ ሊቆርጥ ሲል እጁን ይዛ ምላጭ ሰጠችው፤ አፉ የተቦጫጨቀ ቱቦ መገጣጠሚያው ላይ ያፈሳል። በመጨረሻ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ የሳሙና አረፋ ቀብተው አረፋው መነፋት አለመነፋቱን አንድ በአንድ አዩ። ሶርሳ የጠየቀውን ሁሉ መለሰችለት፤ አንድም ጊዜ “አላልኩህም ነበር?” አላለችውም። እንዲህ ያለ ሰው ይገኛል?

የመጀመሪያው ገበያ አመለጠ። በሁለተኛው እስራኤል ብቻውን ወደ ቢጠና ወርዶ አሥራ አራት በሬ ጫነ። ስድስት ሰዓት ይደርሳል የተባለው መኪና ዘጠኝ ሰዓትም አልታየም። ጦና ስልኩን ደጋግሞ ይሞክራል፤ ኔትወርክ የለም። ሶርሳ ሥራ የያዘ ለመምሰል አንዱን ዳዶ አሥር ጊዜ ፈታ፣ አሥር ጊዜ አጠበቀ። እታፈራሁ ሱቋ ደጃፍ ቆማ መንገዱን ታያለች፤ የመጣ ገዢ ሁሉ ነገ እየተባለ ተመለሰ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል መኪናው ብቅ አለ፤ ወደ ቀኝ ጎኑ ዘምሞ፣ በዝግታ። በሬዎቹ ሁሉም ቆመዋል። ጋራዡ በር ላይ ደርሶ ቆመ። እስራኤል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቁልቁለት ላይ ከሥር የነጠረ ድንጋይ የቀኙን ከረጢት አፈነዳው፣ መኪናው ዘመመ፣ በሬዎቹም ደንብረው ወደ አንድ ጎን ነጎዱ አለ። ሦስተኛው ቫልቭ በሩን ዘግቶ ጌጁ አምስት ላይ እንደደረሰ እዚያው ቆመ፤ ፍሬኑም ያዘ። ቀሪውን መንገድ በእርምጃ ነው የመጣው።

ጦና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሶርሳ የፈነዳውን ከረጢት ሊያይ ጎንበስ ሲል እታፈራሁ ወደዚያ ዞር ሳትል በሾፌሩ በር በኩል ሄዳ ቆመች።

“ፍሬኑን አንዴ ርገጠው” አለችው።

እስራኤል ረግጦ ሲለቀው አየሩ በኃይል ተነፈሰ። ደግመህ አለችው፤ ደገመው። ጦና ሊያመሰግናት ተነስቶ ሲመጣ ሶርሳ ክንዱን ይዞ አስቆመው። እታፈራሁ ሁለት እጇን በሩ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ጆሮዋን አዘንብላ የአየሩን ድምፅ ታዳምጣለች።

“አንዴ ደግሞ፣ ልጄ።”

እስራኤል ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ረገጠው።